የጋሽ ይገዙ ጎማዎች

ጎማው የፈነዳው ገና ከሰፈራቸው ሳይወጡ ነው። ድምፁ በቴክሳሷ ሳክሲ ጸጥተኛ መንገድ ላይ እንደ ጥይት ጮኸ። ውሾች ተንጫጩ፤ ሣር ሲያጭድ የነበረው ጎረቤት ማሽኑን አጥፍቶ ቀና አለ። ወሰንየለሽ ከትልቁ መኪናቸው ከታሆው የኋላ ወንበር ዞር ብላ በመስታወቱ ስታይ፣ ለነገው ጉዞ ሊሞክሯት የወጡት ተጎታች ቤታቸው ወደ ግራ ዘመም ብላ ቆማለች።

"አላልኩም?" አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ ጭና። "ክፍሉ፣ አላልኩህም?"

"ያላልሽው ነገር የለም እኮ ወሰኔ" አለ ባሏ መሪውን እንደጨበጠ። "ትገለበጣለች ብለሻል፣ ትቃጠላለች ብለሻል፣ ጎርፍ ይወስዳታል ብለሻል። ከዚያ ሁሉ ሟርት አንዱ ቢይዝ ምን ይገርማል?"

"እንቁላሏ ደነገጠች!" ብላ ጮኸች ትንሿ ልጃቸው ልዩ። ለተጎታቿ ይህን ስም ያወጣችላት እሷ ነች። እውነትም ክብ፣ ነጭና ትንሽ ስለሆነች ስሙ ሳይለቃት ቀርቷል።

የአሥራ አምስት ዓመቷ ሀሴት ከጆሮዋ የማዳመጫውን ሽቦ ነቀለች። "ኦ ማይ ጋድ። ሶ፣ ነገ አንሄድም?"

ወሰንየለሽ እንዳይቀሩ ሰጋች፤ ይሄም ራሷን አስገረማት። ሌላ ጊዜ ቢሆን "ጌታ አስቀረን" ብላ እፎይ ትል ነበር። የጉዞው ነገር ከተነሳ ጀምሮ ማስቀሪያ ሰበብ ስትፈልግ የከረመችው እሷ ናት። ዛሬ ግን ሰበቡ ራሱ ፈንድቶ ሲመጣላት፣ መሄድ ምን ያህል እንደፈለገች ገና አሁን አወቀች።

የሚሄዱት ወደ ጋልቬስተን፣ ወደ ባሕሩ ነው። ወሰንየለሽ ተወልዳ ያደገችው አሰላ ነው፤ ባሕር ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ወደ አሜሪካ ስትመጣ በአውሮፕላን መስኮት ነው። እሱንም ቢሆን አብዛኛውን ሰዓት ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ ስለነበር በቅጡ አላየችውም። ልጆቹ ከነአካቴው አያውቁትም። ክፍሉ የኤርፖርት ሠራተኞችን የሚያመላልስ ቫን ይነዳል፤ በበዓል ቀን እረፍት አግኝቶ የማያውቅ ሰው ዘንድሮ ለአሜሪካ የነፃነት በዓል፣ ለጁላይ አራት፣ ሦስት ቀን ተፈቀደለት። እንቁላሏንም ያገኟት በአጋጣሚ ነው። ሁለት መንገድ አልፎ የሚኖሩ አንዲት አሜሪካዊት ባልቴት ጓሯቸው ውስጥ ዛፍ ሥር አቁመዋት ኖረው፣ ቤታቸውን ሲሸጡ "ውሰዷት" አሏቸው። በስድሳዎቹ የተሠራች፣ ከክፍሉም ከወሰንየለሽም በዕድሜ የምትበልጥ ናት። ጸደዩን ሙሉ ቤተሰቡ ሲያጥባት፣ ሲቀባት፣ መጋረጃ ሲሰፋላት ከረመ። ነዳጅ ጋሎኑ አራት ዶላር በገባበት በዚያ ዓመት፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲቀመጥ እነሱ ሊጓዙ ነው። ልዩ ይሄው ከሰኞ ጀምሮ የዋና ልብሷን አላወለቀችም።

እየተንፏቀቁ ቤታቸው ደጅ አደረሷት። ክፍሉ ክሪክ አስገብቶ ከፍ አደረጋትና ቡሎኖቹን መፍታት ጀመረ። የፈነዳው ጎማ ቅርፊቱ እንደተላጠ ግንድ ተዘርግፏል፤ ሌላኛውም ቢሆን ጎኑ አብጧል።

"እንኳን አውራ ጎዳናው ላይ አልሆነ" አለች ወሰንየለሽ። "እንኳን ሂውስተን ጋ አልሆነ። የጭነት መኪና ከኋላችን ቢኖር፣ ደግሞ ቢዘንብ፣ ደግሞ..."

"ማሚ፣ ሲሪየስሊ፣ ፀሐይ እኮ ነው" አለች ሀሴት።

"ፀሐይም ይገድላል።"

ቡሎኖቹ እምቢ ቢሉት፣ ክፍሉ የሆነውን ነግሮ ትልቅ የቡሎን መፍቻ እንዲያውሱት ለሽማግሌው ወዳጃቸው ለጋሽ ይገዙ ደወለ። ሰዓትም አልፈጀባቸው፤ ጋሽ ይገዙ ከሰፈራቸው ከሌክ ሃይላንድስ ድረስ በዝግታ እየነዱ መጡ። ከወረዱ በኋላ ግን መፍቻውን አላነሱም። የመኪናቸውን የኋላ ሣጥን ከፍተው ፈገግ እያሉ ቆሙ።

"ነይ ወሰንየለሽ፣ ነይ ተመልከቺ" አሉ። "ክፍሉ፣ አንተም ና። መፍቻ ነው ያልከኝ? መፍቻ ምን ያደርግልሃል!"

ሁለት ጎማ ነው። ጥቁርነቱ ያንጸባርቃል፤ ከፋብሪካ የወጣበት ቀጫጭን የጎማ ጸጉር እንኳ ዙሪያውን እንደቆመ ነው። ክፍሉ በቡጢ ደለቀው፤ በአውራ ጣቱ ጥርሱን ለካ።

"ጋሼ! ይሄ መንገድ ነክቶም አያውቅ።"

"አንድ ቀን አልነካም። ታክሲ እነዳ በነበረ ጊዜ አራት ገዝቼ ነበር። ከዚያ ዓይኔ እምቢ አለ፤ የታክሲ ፈቃዴን መለስኩ፤ እነሱም ጋራዥ ውስጥ ተቀመጡ። ልካችሁ መሆኑን ደግሞ ባለፈው ቀለም ስትቀቡ አይቻለሁ። አሥራ አምስት ነው አይደል ቸርኬው?"

"አሥራ አምስት ነው።"

"እንግዲያው ጌታ ነው ያስቀመጠው።" ሽማግሌው እጃቸውን አራገፉ። ፊታቸው ላይ ከሥራ ከወጡ ወዲህ ወሰንየለሽ አይታው የማታውቀው ደስታ አለ። "እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያግዘኝ፣ ሩቅ ቦታ የሚያመላልሰኝ፣ የሚያነብልኝ ሆኜ ቀረሁ ብዬ ነበር። ከእኔም ቤት ለካ የሚወጣ ነገር አለ!"

ወሰንየለሽ እንደተለመደው ልትጠይቅ አፏን ከፍታ ነበር። ለዚህ ዓይነት ቤት ይሆናል ወይ? ጋራዥ ውስጥ ስንት ጊዜ ቆየ? ጋሽ ይገዙን ግን እንዲህ ብላ መጠየቅ አትችልም። እነ ወሰንየለሽ ዲቪ ደርሷቸው እጃቸውን አወናጭፈው ሲመጡ፣ ማንም በማያውቃቸው አገር ክረምቱን ሙሉ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማቸው ውስጥ ያኖሯቸው እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ከበቡሽ ናቸው። ለሀሴት የመጀመሪያዋን የብርድ ጃኬት የገዙላት እሳቸው ናቸው። ለክፍሉ መንገዱን ያሳዩት፣ ቤተ ክርስቲያን የወሰዷቸው እሳቸው ናቸው። ለዚያ ሁሉ ከእነሱ አንዲት ነገር ተቀብለው አያውቁም። እንዲህ ያለ ሰው የሰጠው ስጦታ አገላብጦ አይታይም፤ ተመርቆ ይወሰዳል።

"ተባረኩ ጋሼ" አለች ጎንበስ ብላ። "ምን እንላለን?"

"ምንም። ጠዋት ሳትወጡ መጥቼ፣ እጄን ጎማው ላይ ጭኜ ጸልዬ እሸኛችኋለሁ። ያለ ጸሎት እንዳትወጡ!"

ጎማዎቹንና መፍቻውን አውርደው፣ የልዩን ጉንጭ ቆንጥጠው ሄዱ።

ጎማውን ቸርኬው ላይ ለማስገጠም ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ጋርላንድ ነዱ። የመጠባበቂያውን ጨምሮ ሦስቱን ቸርኬዎችና ሁለቱን ጎማዎች ታሆው ኋላ ላይ ጭነዋቸዋል። በየመታጠፊያው ስለሚንከባለሉ፣ ወሰንየለሽ ከወንበሩ በላይ እጇን ዘርግታ አንዱን ጎማ ይዛዋለች። ልጆቹ ከፊቷ ባለው ወንበር ላይ ይዘፍናሉ፤ ክፍሉ መሪውን በጣቱ ይደበድባል።

"ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት ከወጣን ለምሳ እዚያ ነን" አለ። "ዓሣ እንበላለን። ውሃው ዳር ወንበሩን ዘርግቼ፣ እግሬን ከትቼ፣ ስልኬን ዘግቼ..."

"ስልኩን አትዘጋም" አለች ወሰንየለሽ።

"እሺ፣ አልዘጋም።"

"ሻርክስ አለ?" አለች ልዩ።

"የለም" አለች ሀሴት።

"አለ" አለች እናታቸው። "ግን እስከ ቁርጭምጭሚት አይመጣም። ጠይቄያለሁ።"

ባሏ ከት ብሎ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋ ቆመ። ጎማውን የያዘው ጣቷ አንድ ነገር ዳሰሰ። ከጎኑ፣ ቸርኬው የሚገባበት ከንፈር አካባቢ፣ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ፤ በጋ ላይ እንደተሰነጠቀ ተረከዝ። ዓይኗን አስጠግታ ስታይ ጥቁሩ ሁሉ አንድ ነው፤ ምንም አይለይም። እንደገና ዳሰሰች። አለ።

ያው የእኔ ነገር ነው፣ ብላ አሰበች። የሌለ ነገር የሚታየኝ። ለማንም ሳትናገር ዝም አለች። ከእንግዲህ ስለ ጎማ አንድ ቃል ብትናገር፣ ነገ ጠዋት ሁሉም ያለ እሷ የሚሄድ መሰላት።

ጎማ ቤቱ ትልቅ አይደለም። የቤቱ ባለቤት ዶሎረስ የምትባል፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰካች ደልዳላ ሴት ናት። ክፍሉ ጎማዎቹን እያንከባለለ አስገባና "እነዚህን ሁለቱን፣ እዚህ ቸርኬ ላይ" አላት።

"ምን መኪና ነው?"

"መኪና አይደለም፤ ትሬለር ነው። የሚተኛበት፣ የድሮ።"

ዶሎረስ የጎማውን ጎን በመዳፏ ጠረግ አደረገችና መነጽሯን ከፀጉሯ አወረደች። ወሰንየለሽ ፊቷን ብቻ ትመለከታለች። ሐኪም ቤት የራጅ ውጤት ሲነበብ የሐኪሙን ፊት የምትመለከተው እንደዚህ ነው።

"ይሄ የቤት መኪና ጎማ ነው" አለች ዶሎረስ። "ፊደሉ ፒ ነው የሚለው። ለተጎታች የሚሆነው ኤስ ቲ የሚል ነው፤ ጎኑ ጠንካራ ነው። ተጎታች መሪ የለውም፣ ዝም ብሎ ይጎተታል፤ ሲታጠፍ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው በጎማው ጎን ላይ ነው። በዚያ ላይ ደግሞ..." ጎማውን አዞረችና በጣቷ አንድ ቦታ ነካች። "ሃያ ሦስት፣ ዜሮ አንድ። በሁለት ሺህ አንድ፣ በሃያ ሦስተኛው ሳምንት ነው የተሠራው።"

"ሰባት ዓመት!" አለች ሀሴት።

"ከእኔ ይበልጣል?" አለች ልዩ።

"በአንድ ዓመት ይበልጥሻል።"

ልዩ ጎማውን በጥርጣሬ አየችው። "ታዲያ ለምን ከእኔ አዲስ መሰለ?"

"ጎማ ቆሞም ያረጃል፣ የኔ ማር" አለች ዶሎረስ። "በተለይ የቴክሳስ ጋራዥ ውስጥ። ይሄው፣ ጎኑ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ይቅርታ፣ እዚህ ቤት እነዚህ አይገጠሙም።"

ወሰንየለሽ ጣቶቿን አየቻቸው። እውነት ነበር። በሕይወቷ ከፈራቻቸው ሺህ ነገሮች አንዱ እውነት ሆኖ፣ እሷው ደግሞ ዝም ብላ ይዛው ጋርላንድ ድረስ መጣች!

በዚህ መሃል የክፍሉ ስልክ ጮኸ። ከፍቶ ጆሮው ላይ ሲያደርገው፣ የጋሽ ይገዙ ድምፅ ለሁሉም ይሰማል።

"እህሳ ክፍሉ! ተገጠመ ወይ?"

ክፍሉ ሚስቱን አየ። ዶሎረስን አየ። ጎማዎቹን አየ።

"አዎ ጋሼ" አለ። "ተገጠመ! ልክክ አለ!"

"ጌታ ይመስገን! ለከበቡሽ ልንገራት፤ 'የማይረባ ነገር ይዘህ ሄድክ' ስትለኝ ነበር።"

ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ከተተ።

"ዳዲ ዋሸ" አለች ልዩ።

"ዝም በይ አንቺ። ምን ልበላቸው? 'የሰጡን ጎማ ቆሻሻ ነው' ልበላቸው? ፊታቸውን አላየሽም ወሰኔ? እንደ ሙሽራ ሲያበሩ?"

"አይቻለሁ።"

"እንግዲያው አንዱን ስኮርታ እናድርገው። ከኋላዋ ላይ ይሰቀላል፤ ነገ ጠዋት ሲመጡ ያዩታል፤ ደስ ይላቸዋል፤ አለቀ።"

"ስኮርታ?" ወሰንየለሽ ውሃ እንደነካት ድመት ቀና አለች። "ክፉ ቀን ሲመጣ የምናወጣው እሱን አይደል? ከሁሉም ጎማ ደህና መሆን ያለበት እሱ ነው! ፀሐይ ላይ፣ ከነልጆቻችን ቆመን፣ ጭነት መኪናው እንዲህ እያለ እያለፈ፣ የተሰነጠቀ ጎማ አውጥተን ልንገጥም?"

"እሺ፣ እሺ። አልሰቅልም።"

"አዲስ እንገዛለን። ሦስት።"

እንደዚህ ቁርጥ አድርጋ ስትናገር ራሷም ሰማችው። ሦስት ጎማ ገዝታ ባሕር ልትሄድ ነው። የተሰማት ፍርሃት ይሁን ደስታ አልለየችውም።

ክፍሉ የመኪና ሰው ነኝ ባይ ነው፤ ወዲያው ወኔው ተመለሰ። "ትልቁን፣ ከሁሉ ጠንካራውን ስጪን" አላት ዶሎረስን። "ዲ የሚለውን።"

"ጎማው ይችላል፤ ቸርኬያችሁ ግን አይችልም" አለች ዶሎረስ፣ የእንቁላሏን አሮጌ ቸርኬ በጫማዋ ነካ አድርጋ። "ዲ ብዙ አየር ይፈልጋል። ይሄ ብረት ለዚያን ያህል ግፊት አልተሠራም። ለእናንተ ቤት ሲ ይበቃል፤ ከክብደቷም በላይ ነው።"

"ከክብደቷ በላይ ስንት?" አለች ወሰንየለሽ። "ማለቴ፣ ውሃ ብንሞላስ? ልጆቹ አልጋው ላይ ቢዘሉስ? ድስትም አለኝ።"

"ድስትሽ ስንት ይመዝናል?"

"ብዙ ነው።"

ዶሎረስ ሳቀችና ወንበር ስባ አስቀመጠቻት። ወሰንየለሽ ጠየቀች፤ ዶሎረስ መለሰች። ርካሹ አለ፤ ክሩ በአግድም የተሸረበ ነው፤ ለአጭር መንገድ ይበቃል። ራዲያል የሚባለው ደግሞ ረጅም አውራ ጎዳና ላይ ቶሎ አይግልም። ቢፈነዳስ? በየነዳጅ ማደያው ወርዳችሁ በእጃችሁ ዳስሱት፤ ከሌላው ይልቅ የጋለ ካለ አየሩን እዩ። አየሩን የሚለካውስ? ይሄው፣ ይሄን ትንሿን በነፃ ውሰጂ። ወሰንየለሽ መለኪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከመድኃኒቶቹ ጋር ከተተችው። የሚፈራውን ነገር በእጅ መያዝ እንደሚቻል ማንም ነግሯት አያውቅም ነበር።

"ራዲያሉን" አለች።

"በእናንተ ልክ የቀረኝ ሦስት ብቻ ነው። ዕድለኞች ናችሁ። ግን ነጭ ቀለበት ያለው ነው።"

ዶሎረስ አንዱን ከመደርደሪያው ስታወርደው ሀሴት ጮኸች። በጥቁሩ ጎማ ጎን ላይ፣ እንደ ወተት የነጣ ሰፊ ቀለበት ዙሪያውን ዞሯል። በድሮ ፎቶዎች ላይ ያሉት መኪናዎች ያላቸው ዓይነት ነው።

"ማሚ! ማሚ፣ ኢት ኢዝ ሶ ኪዩት! እንቁላሏ ስታደርገው አስቢ! ላይክ፣ ጫማ እንዳደረገች!"

"ጫማ!" አለች ልዩም እየዘለለች።

ወሰንየለሽም አሰበችው። እንቁላሏ በነጭ ጫማ፣ ባሕሩ ዳር። ሳታስበው ፈገግ አለች።

ክፍሉ ግን ጢሙን እያሻሸ ነው። "ነጩ በሁለቱም በኩል ነው?"

"በአንድ በኩል ብቻ። ወደ ውጭም ወደ ውስጥም መግጠም ይቻላል፤ እንደምትፈልጉት።"

"ወደ ውስጥ" አለ ክፍሉ ቶሎ ብሎ። ወደ አማርኛ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጥቁሩ ወደ ውጭ ከሆነ ጋሽ ይገዙ አይለዩትም። ዓይናቸው ደክሟል። እጃቸውን ጭነው ይመርቁናል፣ የእኔ ጎማ ነው ብለው ይደሰታሉ፣ እኛም በሰላም እንሄዳለን። ማንን ይጎዳል?"

"ኖ፣ ዳዲ!" አለች ሀሴት።

ወሰንየለሽ ልጇን አየች፤ ቀጥላ ነጩን ቀለበት። የጋሽ ይገዙ ፊትም መጣባት። ማንን ይጎዳል? እውነት ነው፣ ማንንም።

"ወደ ውስጥ ይሁን" አለች።

ሀሴት እጇን አጣጥፋ ወጥታ ታሆው ውስጥ ገባች። ዶሎረስ ትከሻዋን ነቅንቃ የመጀመሪያውን ቸርኬ ማሽኑ ላይ አወጣችው። ማሽኑ ሲዞር፣ ጎማው ቸርኬው ላይ ቁብ ሲል፣ አየሩ ሲገባ ወሰንየለሽ ከመስታወቱ ወዲህ ቆማ ትመለከታለች። አንዱ አለቀ፤ ከላይ ጥቁር፣ ከሥር ነጭ። የጋሽ ይገዙ ሁለት ጎማዎች ግድግዳው ሥር እንደተደገፉ ናቸው፤ ጸጉራቸው አልረገፈም፣ ማንም ቢያያቸው አዲስ ይላቸዋል።

ሁለት። "አራት ገዝቼ ነበር" አላሉም?

ይሄም የእኔ ነገር ነው፣ ልትል ነበር። አላለችም። ከክፍሉ ኪስ ስልኩን ሳብ አድርጋ ወጣችና ደወለች።

"ጋሼ፣ ወሰንየለሽ ነኝ።"

"ልጄ! ምነው፣ ሌላ ነገር ጎደለ?"

"ምንም አልጎደለም። ጋሼ፣ አራት ጎማ ነበር የገዛሁት ብለው ነበር። የቀሩት ሁለቱ የት ናቸው?"

"እነሱማ ለአረጋሽ ሆኑ። ባለፈው ወር የፊቶቹን አስቀየርኩላት። ስኮርታ ፈልጋችሁ ነው?"

አረጋሽ የጋሽ ይገዙ ልጅ ናት። ፎርት ወርዝ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ ከቤቷ እስከዚያ ድረስ ሁልጊዜ በአውራ ጎዳናው ትመላለሳለች። በመስታወቱ ውስጥ ክፍሉ "ማን ነው?" እያለ በእጁ ይጠይቃታል።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጎማዎት አልተገጠመም።"

"እንዴት አልተገጠመም? ክፍሉ ተገጠመ፣ ልክክ አለ ብሎኛል።"

"ዋሽቶዎት ነው። አፍሮ ነው የዋሸው፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ። ጎማው አርጅቷል ጋሼ። ከተሠራ ሰባት ዓመቱ ነው። ጎኑ ተሰነጣጥቋል፤ በእጄ ዳስሼዋለሁ።"



"አዲስ ነው እኮ" አሉ ጋሽ ይገዙ። ድምፃቸው አንሷል። "ጸጉሩ እንኳ አልረገፈም።"

"አዎ ጋሼ፣ አልረገፈም። እኛም ያታለለን እሱ ነው። አረጋሽ አሁን የት ናት?"

"እዚሁ እኛ ጋ ተኝታለች። ማታ ገቢ ናት።"

"በዚያ መኪና አትሂድ። እባክዎት። የፈሪ ወሬ ነው ካሉም ይበሉ፤ ብቻ አትሂድ።"

ጋሽ ይገዙ ከስልኩ ራቅ ብለው ጮኹ። "ከበቡሽ! የአረጋሽን ቁልፍ ውሰጂና ደብቂው! ... ለምን አትበይኝ፣ ደብቂው ብያለሁ!" ተመለሱ። "ቁጥሩ የት ላይ ነው የሚጻፈው?"

ነገረቻቸው። የበር ድምፅ፣ የእርምጃ ድምፅ፣ ጉልበታቸው ሲንበረከክ የማቃሰት ድምፅ መጣ። "እኔ አይታየኝም፤ አንቺ አንብቢልኝ" ሲሉ፣ እትዬ ከበቡሽ በቀስታ "ሃያ ሦስት... ዜሮ፣ አንድ" ብለው ሲያነቡ ወሰንየለሽ ሰማች።

"ያው ነው" አሉ ጋሽ ይገዙ። "አቤት፣ ያው ነው። ልጄን በገዛ እጄ..." አልጨረሱትም። ወሰንየለሽ በየቀኑ የምትኖርበት ፍርሃት እሳቸው ጋ ሲገባ ሰማችው፤ ለማንም የማይመኙት ነገር ነው።

"ጋሼ?"

"አለሁ። የት ነው ያላችሁት? የአረጋሽን እዚያው አምጥቼ አስቀይራለሁ። እኔ በውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ በቀስታ..."

"በእነዚያ ጎማዎች? በፍጹም! ክፍሉ በእኛ መኪና ይመጣና ቸርኬዎቹን ፈቶ ይወስዳቸዋል።"

"ይምጣ" አሉ። ቀጥለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ለዚያ ውሸታም ደግሞ ንገሪው። ነገ ጠዋት እጄን የምጭነው ጎማው ላይ አይደለም፤ ጭንቅላቱ ላይ ነው። እሱ ነው ጸሎት የሚያስፈልገው!"

ወሰንየለሽ ሳቋ ከእንባዋ ጋር አብሮ መጣ። "ይመጣሉ ማለት ነው?"

"ለምን እቀራለሁ? ባሕር ልትሄዱ አይደል?"

ስልኩን ዘግታ ስትገባ ዶሎረስ ሁለተኛውን ቸርኬ ማሽኑ ላይ አስቀምጣ፣ ጎማውን ነጩን ወደ ውስጥ አድርጋ ልትጭነው ነው። ሦስተኛው ግድግዳው ጋ ተራውን ይጠብቃል። ክፍሉ ፊቷን አይቶ ከወንበሩ ተነሳ።

"ማን ነበር? ወሰኔ፣ ምን ሆንሽ?"

"ለጋሼ ነገርኳቸው።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም። የአረጋሽ መኪና ላይም እነሱው ናቸው የተገጠሙት። ሄደህ ፈተህ ታመጣቸዋለህ፤ እዚያም ትመረቃለህ።"

ወሰንየለሽ አልፋው ወደ ማሽኑ ሄደች። "አቁሚው" አለቻት ዶሎረስን። "ነጩ ወደ ውጭ ይሁን።"

ዶሎረስ እጇን ከማሽኑ ላይ አነሳች። "ይሄኛውን እሺ። ያለቀውንስ? አየሩን አውጥቼ፣ ፈትቼ፣ ገልብጬ እንደገና መግጠም ነው። ድጋሚ ሥራ ነው።"

"እንጠብቃለን።"

"ስኮርታው ግን ከኋላ ነው የሚሰቀለው፤ ማን ያየዋል? እሱ እንደፈለገ ቢሆን ምን አለበት?"

ወሰንየለሽ ወደ ታሆው አየች። ሀሴት በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ፣ ምን እንደተባለ ሳትሰማ፣ የእናቷን ከንፈር ለማንበብ ትሞክራለች።

"እሱንም" አለች ወሰንየለሽ። "ሦስቱንም ወደ ውጭ።"